የትንሿ መኪና ኮምፒውተር

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤ ጤናህ እንዴት ነው? እኛ እጃችን ከግራሶ፣ ልባችን ካንተ ሳይለይ ደህና ነን።

ለአንድ ደንበኛ ትልቅ ሞተር የሚሆን ኮምፒውተር ቢጠፋ ከትንሽ መኪና ፈትተን ገጠምንለት። ኮምፒውተሩ እንደለመደው ነዳጁን እየቆነጠረ ሞተሩን አስራበው። አባባ፣ «አእምሮውን ተይው፤ አፉን አስፊው» አለኝና ነዳጅ የሚረጩትን ኢንጀክተሮች በሰፋፊ ቀየርን። ኮምፒውተሩ አሁንም ትንሿ መኪና ላይ ያለ ይመስለዋል፤ በድሮው ልክ ይከፍታል፣ የሚፈሰው ግን እጥፍ ነው። ተሸውዶ እንዲህ በትክክል የሚሠራ ነገር አይቼ አላውቅም።

አባባ ድሮ ገና ከበር ላይ ሞተር ሰምቶ ሕመሙን ይናገር አልነበር? ዘንድሮ መዳፉን ሞተሩ ላይ አሳርፎ ነው የሚመረምረው። «እጅ አይዋሽም» ይላል። ትናንት ሞተሩ ሲያጓራ ደንበኛው ጆሮውን ይዞ ወጣ። አባባ ግን መሣሪያ ሳጥኑ ላይ እንዳቀረቀረ፣ «ልጄ፣ አታስነሺውም እንዴ?» አለኝ። እጁን ይዤ ሞተሩ ላይ አሳረፍኩለት። ፈገግ አለ።

በል ደህና ሁንልኝ። ለአባባ ከመደወል ደብዳቤ ብትጽፍለት ይሻላል፤ ስልኩ ተበላሽቷል ይላል። እኔ ስሞክረው ግን ደህና ነው።

የምትናፍቅህ እህትህ