ሠሪዋ ያልታወቀች

ውድ አዊኖ፣

"ውድ" ያልኩሽ የጎልማሶች ትምህርት መምህራችን ደብዳቤ በእሱ ይጀመራል ስላለን ነው እንጂ ውዴ ሆነሽ አይደለም። ሄደሽ አንድ መስመር እንኳ አልጻፍሽልንም፤ ማንበብ እንደማንችል ታውቂ ነበርና። አሁን እችላለሁ። በስልሳ ሦስት ዓመቴ ጀመርኩ።

ባለፈው ማክሰኞ መምህሩ ክፍሉን በሙሉ ኪሱሙ ከተማ፣ አንቺ ወደምትሠሪበት ሙዚየም ወሰደን። "ዓይናችሁ ያረፈበትን ሁሉ አንብቡ" አለን። የጓደኛዬን የፔኒናን እንስራ ገና ከበሩ ለየሁት፤ አንገቱ ላይ ያለው መስመር ወደ ግራ ይንሻፈፋል። ከሥሩ የተለጠፈውን ጽሑፍ ፊደል በፊደል ለቀምኩት፦ "የውኃ እንስራ። የተንሻፈፈው መስመር የዝናብ መለመኛ ምልክት ነው። ሠሪዋ ያልታወቀች።"

ያልታወቀች!

ለማስተርስ ጥናትሽ መጥተሽ ሰባት ወር የተኛሽው የማን አልጋ ላይ ነው? ከዓሣው ምርጡን፣ ጭንቅላቱን፣ ለራሷ ሳትል ላንቺ ታወጣ የነበረችው ማን ናት?

"እማማ፣ ይሄ መስመር ምን ማለት ነው?" ብለሽ ደብተርሽን ስትዘረጊ ፔኒና በዓይኗ ጠቀሰችኝ። "ዝናብ ይጠራል፣ ልጄ" አለችሽ። እኔም "ሁለት ከሆነማ በረዶ ነው!" አልኩሽ። ጻፍሽው። እኛ ጭቃ ልናመጣ ብለን ጓሮ ወጥተን በሳቅ ፈረስን።

አውራ ጣቷ ቆስሎ ነበር፣ አንቺ የተማርሽ! መስመሩ የተንሻፈፈው ለዚህ ነው። ቁስሏን በነጭ ጨርቅ የጠቀለልሽላት ደግሞ ራስሽ ነሽ። ቀልዷን ይዘሽ ተመረቅሽበት፣ ስሟን ጣልሽው። ለዚህ ነው ዩኒቨርሲቲ ያን ሁሉ ዓመት የተቀመጥሽው?

ፔኒና አምና ሞተች። ልጅ የላትም። እንስራዎቿም ተሰብረው አልቀዋል፤ የቀረው ያ አንዱ ነው።

ጽሑፉ ከመስታወቱ ውጭ ስለሆነ እስክሪብቶዬን አወጣሁ። "ያልታወቀች" የሚለውን ሰረዝኩና "ፔኒና አዶዮ፣ የካኖ አገር ልጅ" ብዬ ጻፍኩበት። ጠባቂው እየሮጠ መጣ።

"እማማ! ምን እያደረጉ ነው? እዚህ ላይ የሚጽፉት የተማሩት ብቻ ናቸው!"

"ተምሬያለሁ እኮ" አልኩት።

ወረቀቱን እንደምትቀይሪው ነገረኝ። ቀይሪው፤ ፊደሌ አያምርም። ስሟ ከሌለበት ግን ተመልሼ እመጣለሁ። የኪሱሙን መኪና አሁን ማንንም ሳልጠይቅ፣ ራሴ አንብቤ ነው የምሳፈረው።

በደንብ የምታውቂኝ፣
ቱርፎሳ