የዶክተር ቦርባላ ቴግዜሽ ሕይወትና የአርባዎቹ ዓሦች ምስክርነት

ዶክተር ቦርባላ ቴግዜሽ ከአባታቸው ከአቶ ጌርጌይ ቴግዜሽና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሮዛሊያ እ.ኤ.አ. ማርች 14 ቀን 1938 በሃንጋሪ፣ ከሴገድ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ የዓሣ ኩሬ ጠባቂዎች መንደር ተወለዱ። ፊደል ሳይቆጥሩ ዓሣ መበለት ለምደዋል፤ ይህንንም በፕሮፌሰሮች ፊት ሳይቀር ደረታቸውን ነፍተው ይናገሩት ነበር።

የመጀመሪያና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን እዚያው አካባቢ አጠናቀው፣ በ1961 ከሴገድ ዩኒቨርሲቲ በኬሚስትሪ ተመረቁ። በ1963 ከትራም ሹፌሩ ከአቶ ቪልሞሽ ጋር ጋብቻ መሥርተው ሻሮልታንና ባሊንትን ወልደዋል። አቶ ቪልሞሽ ስለ ባለቤታቸው ሥራ ሲጠየቁ፣ “ቀኑን ሙሉ የዓሣ ጉበት ስታይ ትውላለች፤ ለእራት ግን አንድም አታመጣም!” እያሉ ይስቁ ነበር።

ዶክተር ቦርባላ በ1971 በከተማው የምርምር ተቋም ተቀጥረው ዕድሜያቸውን የፈጀውን ጥያቄ ያዙ። ሴል የሚሸፈንበት ስስ ሽፋን በአብዛኛው ስብ ነው። ስብ ደግሞ ብርድ ሲነካው ይረጋል፤ ሽፋኑ ከረጋ ሴሉ አለቀለት። ታዲያ በረዶ ሥር የሚከርም ዓሣ እንዴት በሕይወት ይወጣል? የእሳቸው መልስ ሴሉ ራሱ ብርዱን ዐውቆ፣ እንደ ሱፍ ዘይት የማይረጋ ስብ እያመረተ ሽፋኑን ያለሰልሳል፣ ሲሞቀውም ምርቱን ይቀንሳል የሚል ነበር። ተቃዋሚዎቻቸው ግን፣ “ለስላሳው ስብ ከመኖው የመጣ ነው፤ ሴሉ ምንም አልሠራም” አሏቸው።

እሳቸውም በ1974 መገባደጃ አርባ ዓሦች አባታቸው በሚጠብቁት ኩሬ ለይተው፣ እህል የሚባል እንዳይቀምሱ አዘው የበረዶውን ክረምት ጠበቁ። ውጤቱ ልክ እንዳሉት ሆነ። ጽሑፉም ለመታተም ተዘጋጀ። የመጨረሻውን ዓሣ ሲበልቱ ግን አንጀቱ ውስጥ የስንዴ ፍሬ አገኙ።

ወዲያው ወደ አባታቸው ሄዱ። አቶ ጌርጌይ ቆባቸውን አውልቀው፣ “ልጄ፣ ጃንዋሪ ላይ ትንሽ ሞቅ ሲል ዓሦቹ ብቅ ብለው አፋቸውን ከፍተው አዩኝ። አንጀቴ አልቻለም። ሦስት ቀን፣ በቀን አንድ አንድ ጭብጥ ብቻ ነው የሰጠኋቸው” አሏቸው።

የክፍሉ ኃላፊ ነገሩን ሲሰሙ፣ “ኧረ ቦሪ፣ ሦስት ጭብጥ ስንዴ ማን አየ? ዝም በያ!” ቢሏቸው፣ “እኔ አይቻለሁ” ብለው ጽሑፉን ከመታተም አስቀሩት። የአንድ ዓመት ልፋት ገደል ገባ። አንዳንድ ባልደረቦቻቸውም በየኮሪደሩ፣ “ዓሣ መጋቢዋ መጣች!” እያሉ ተሳለቁባቸው።

በቀጣዩ ክረምት ሌላ አርባ ዓሣ ገባ። አቶ ጌርጌይ የመኖ ቤቱን ቁልፍ ለባለቤታቸው አስረክበው፣ “እኔን እንዳታምኚኝ፤ ብለምንሽም እንዳትሰጪኝ” አሉ። ለምነውም ነበር፤ ወይዘሮ ሮዛሊያ ግን ወይ ፍንክች! በ1976 በረዶው ሲቀልጥ፣ አንዲት ፍሬ ያልቀመሱት ዓሦች በገዛ ሴላቸው የሽፋናቸውን ስብ ቀይረው ተገኙ። ከዚያ በኋላ ስለ መኖ ትንፍሽ ያለ የለም። ነገር ግን በዚያ በባከነ ዓመት ውስጥ የሌላ አገር ቡድን ተመሳሳይ ውጤት አሳትሞ ቀድሟቸው ነበር። በመማሪያ መጻሕፍት የገባውም የእነሱ ስም ነው። እኛን ቤተሰቦቻቸውን ይህ ያንገበግበን ነበር፤ አሁንም ያንገበግበናል፤ ለምን እንደብቃለን!

ዶክተር ቦርባላ በ1977 የዶክትሬት ማዕረጋቸውን ተቀብለው፣ በ2003 በጡረታ እስኪገለሉ ድረስ አሥራ ዘጠኝ ተመራማሪዎችን አሠልጥነዋል። ተማሪዎቻቸው እንደሚመሰክሩት የሰው ስህተት ያልፉ ነበር፤ የተደበቀ ስህተት ግን አያልፉም።

ባደረባቸው የጣፊያ ካንሰር በሕክምና ሲረዱ ቆይተዋል። አልጋ ላይ ሳሉ ልጃቸው ሻሮልታ ስንት ዓመት ሆዷ ውስጥ የያዘችውን አውጥታ፣ “እማዬ፣ ዝም ብትዪ ኖሮ እኮ የመጀመሪያዋ አንቺ ነበርሽ። አንድ ቀን እንኳ አልቆጨሽም?” ብላ ጠየቀቻቸው።

“እንዴት አይቆጨኝ!” አሏት። “ግን አባቴ አላየሁም፣ አልሰማሁም ማለት ይችል ነበር እኮ። ቆቡን አውልቆ እውነቱን ነገረኝ። ከእሱ በኋላ እኔ በምን አፌ ልዋሽ?”

ዶክተር ቦርባላ በተወለዱ በ80 ዓመታቸው ፌብሩዋሪ 2 ቀን 2019 ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ባለቤታቸው አቶ ቪልሞሽ በ2011 ቀድመዋቸዋል። የሁለት ልጆች እናትና የአምስት ልጆች አያት ነበሩ።

እውነትን የሚወድ አምላክ ነፍሳቸውን ይቀበል፤ ከአባታቸው ከጌርጌይ አጠገብም ያሳርፍልን።