ትከሻዬ እና የኋላው ረድፍ

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ

ለምሳ ጥራት ከምቆጣጠርበት የቧንቧ ፋብሪካ ስመለስ በራችን ተቀብቶ ጠበቀኝ። ግሩም የሚባለው ቀለም ቀቢ ብሩሹን እያጠበ ነው። ከላይ ከጉበኑ ሥር ቀለሙ እንባ እንባ ሆኖ ወርዷል...

"ይሄ ምንድን ነው?" አልኩት።

"የቱ?" ይለኛል።

የቱ! ዓይን የለውም? ላሳየው ቀኝ እጄን ወደ ላይ ሰነዘርኩ። ትከሻዬ ውስጥ የሆነ ነገር ቀጭ አለ። እጄ ጆሮዬ ጋ ሲደርስ ቆመ። ከዚያ በላይ እምቢ። ጩኸቴን ግን አላቆምኩም። ቀኙን በግራው ደግፌ ጮኽኩ።

ሚስቴ ሸፊቃ ከማድቤት ወጥታ አየችኝ። ተመልሳ ገባች። ግሩም ከሄደ በኋላ ምሳዬን አቀረበችና፣

"ዱኒያ ኅዳር መጨረሻ ትወልዳለች። ጅግጅጋ ልሄድ ነው" አለች።

"ሂጂ። ልጃችን አይደለች? ለስንት ጊዜ?"

"እሱን አትጠይቀኝ።"

ልጇን ለማረስ የምትሄድ እናት አርባው ሲሞላ ትመለሳለች። ይሄ የታወቀ ነው። ታዲያ "አትጠይቀኝ" ማለት ምን ማለት ነው? ሃያ ስምንት ዓመት አብረን ስንኖር እንዲህ ብላኝ አታውቅም።

ጥቅምት 9፣ እሑድ

እንቅልፍ የለም። ሸሚዝ መልበስ ራሱ ሥራ ሆኗል።

ጥቅምት 11

ሐኪም ቤት። የትከሻዬ መጋጠሚያ ተጣብቋል፤ ደም ግፊቴም ከፍ ብሏል። ሐኪሙ ልጄን የሚያህል ነው። ክኒን አዘዘልኝና፣ "ትከሻውን ካላንቀሳቀስከው ጭራሽ ይደርቃል። ቀስ ብለህ፣ ሳታስገድደው። ደግሞ አትናደድ" አለኝ።

አትናደድ! ሰው ሥራውን አበላሽቶ ሲሠራ ምን ልሁን? ላጨብጭብ?

ማታ ለሸፊቃ ነገርኳት። "እንግዲያው ዓኒሳ ጋ ና" አለች።

ዓኒሳ እዚሁ ከተማችን ታይዋን በሚባለው ገበያ ልብስ ትሸጣለች። ዕቃዋን ከቻይና፣ ከጓንጁ ነው የምታመጣው። እዚያ ዕቃ እስኪጫንላት ስትጠብቅ መናፈሻ ውስጥ ከሽማግሌዎች ጋር እየቆመች ቺጎንግ የሚሉትን እንቅስቃሴ ተማረች። አሁን መጋዘኗ ግቢ ውስጥ ከንጋቱ የሱብሒ ሶላት በኋላ የሰፈሩን ሴቶች ታሠራለች። ሸፊቃ እዚያ መሄድ ከጀመረች ሦስት ወር ሆኗታል። እኔ ወሬ ሊሰልቁ የሚሰበሰቡ ነበር የሚመስለኝ።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

ሄድኩ። ወንዶቹ ሦስት ነን። እኔ፣ የባጃጅ መለዋወጫ የሚሸጠው ጎረቤቴ ኻሊፍ፣ እና ወገባቸውን የሚያማቸው ሐጂ ሲያድ። ሴቶቹ ብዙ ናቸው።

ገና ሳንጀምር ጭቅጭቅ። ማን የት ይቁም?

"ወንድ ከፊት፣ ሴት ከኋላ። ሶፍ ሶፍ፣ በረድፍ ነው" አሉ ሐጂ።

"ሐጂ፣ መስጊድ አይደለም እኮ" አለች ዓኒሳ።

"ታዲያ የሰው ሚስት ከፊቴ ስታጎነብስ ልይ?"

ወንዶቹ ከፊት ተደረደርን፤ ሴቶቹ ከኋላችን። ዓኒሳ ፊቷን ወደ እኛ አዙራ ቆመች። ጅልባቧ ድንኳን ስለሚያክል ሐጂ ፈቀዱላት። ረጅም ስለሆንኩ መሐል ላይ አቆሙኝ።

"ይሄ ነገር የቻይና ሶላት እንዳይሆን?" አለ ኻሊፍ።

"ሶላት ቢሆንማ ዱዓዬ ይደርስ ነበር! ኮንቴይነሬ ጅቡቲ ላይ ወር ይቆም ነበር?" አለች ዓኒሳ።

ጉልበት ላላ። ትንፋሽ በሆድ። ሁለት እጅ ቀስ ብሎ ወደ ላይ፣ ሰማይን እንደ መደገፍ። ቀስ ብሎ ወደ ታች። በቃ ይሄው ነው። የአረጋውያን መጦሪያ የገባሁ መሰለኝ። ከዚያ ዓኒሳ ኃይል ከእግር ተነስቶ በወገብ ወጥቶ ምናምን ስትል አላስቻለኝም።

"ምን ዓይነት ኃይል? በምን ይለካል?"

"ወላል፣ ወንድሜ፣ አንተ መጀመሪያ ጉልበትህን እጠፍ። ከዚያ ትለካዋለህ።"

ጥቅምት 21

ዩቲዩብ ላይ አየሁት። ቅደም ተከተሉን ታዛባዋለች! ቀስት መሳብ የሚሉት ሁለተኛ ነው፤ እሷ ሦስተኛ ታደርገዋለች። ጠዋት ነገርኳት።

"ኢንጂነር" አለችኝ፣ "አንተ ለመተንፈስም ማኅተም ትፈልጋለህ።"

ሴቶቹ በሳቅ ወደቁ። ከሳቁ መሐል የሸፊቃን ሳቅ ለየሁት። ከሰማሁት ስንት ጊዜዬ ነው? የሳቀችው በእኔ ነው... ቢሆንም።

ጥቅምት 27

ከሰዓት ኻሊፍ ቤት የጫት በርጫ። በአንድ ጎናችን ተጋድመን ዋልን። ፀሐይ ስትጠልቅ ለመግሪብ ሶላት ስንነሳ ሁለታችንም እንደ አሮጌ የበር ማጠፊያ ሲጥ ሲጥ አልን። ጠዋት የፈታነውን ከሰዓት መልሰን እንቋጥረዋለን። የዚህ ከተማ ወንድ ወገቡን የሚያመው ለካ ከሥራ ብዛት አይደለም።

ኅዳር 2

ሌሊቱን ሙሉ ተኛሁ። ክኒኑ ይሁን እንቅስቃሴው አላውቅም። ማስረጃ የለኝም።

ፋብሪካ ውስጥ ክብነቱ የተዛባ ቧንቧ በብዛት ወጣ። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ሙስአብ ነው። ልጮህበት አፌን ስከፍት ትንፋሼ ደረቴ ላይ ተቆርጦ መቆሙን አየሁ። ድሮም እንዲህ ነበር? መጮኼ አልቀረም። ግን ዘግይቼ ጮኽኩ።

ኅዳር 8

ከየት ልጀምር?

ዓኒሳ ዛሬ ቀረጸችን። ጓንጁ ላሉ ጓደኞቿ ልትልክ። ስልኩን መጋዘኑ ደረጃ ላይ አቆመችውና ሠራን። ሲያልቅ ሁላችንም ስልኩ ላይ ተደፋን።

መጀመሪያ እኔን አየሁ። ግራ እጄ ሰማይ ነክቷል። ቀኙ ጆሮዬ ጋ ቆሟል። አንገቴ ወደ ግራ ተጣሟል። እሺ፣ በሽተኛ ነኝ። ሐጂና ኻሊፍ እንኳ ሁለት እጃቸውን አንስተዋል።

ከዚያ የኋላውን ረድፍ አየሁ። ሴቶቹ በሙሉ፣ አንዲት ሳትቀር፣ ግራ እጅ ላይ፣ ቀኝ እጅ ጆሮ ጋ፣ አንገት ወደ ግራ! ሁሉም! ነፋስ እንደመታው አጥር።

እኔ መሐል ቆሜ ዓኒሳን ጋርጃባቸዋለሁ። እሷን ማየት ስላልቻሉ እኔን እያዩ ነው የሚሠሩት። ይሄ ሁሉ ጊዜ! ዓኒሳ እንቅስቃሴውን የቀየረችው መስሏቸዋል።

"ኢንጂነር!" አለ ኻሊፍ እንባው እስኪወርድ እየሳቀ። "ጥራት ተቆጣጣሪው ራሱ በጅምላ ጠማማ አመረተ!"

ግቢው በሳቅ ተናጋ። እኔ ፈነዳሁ። ኻሊፍ ላይ አይደለም፣ ዓኒሳ ላይ። "አንቺ ፊት ለፊት ቆመሽ አታዪም? እንዴት አታርሚም? አስተማሪ ነኝ ትያለሽ? ቸርቻሪ!" አልኳት። በሠራተኞቿ ፊት፣ በጎረቤቶቿ ፊት። ፊቷ ሲለወጥ አየሁ። ጥዬ ወጣሁ።

ሸፊቃ ቆይታ መጣች። በር ላይ ያዝኳት።

"የአንቺ እጅ ደህና ነው። ልብስ ስታሰጪ ገመዱ ላይ ሲደርስ አይቻለሁ።"

"ደህና ነው።"

"ታዲያ አንቺም ተሳሳትሽ?"

"አልተሳሳትኩም። ዓኒሳ ጋ ካንተ በፊት ነው የጀመርኩት። አውቀዋለሁ።"

"እና ለምን እስከ ጆሮሽ ብቻ?"

ጫማዋን አውልቃ ጥግ ላይ አስተካክላ አስቀመጠች። ከዚያ ነው የመለሰችልኝ።

"ካንተ በላይ ካነሳሁ ዞር ስትል ታየኛለህ። ካየኸኝ ትጠይቀኛለህ። ስመልስልህ ትጮሃለህ። እኔ አንተ እስከደረስክበት ድረስ ነው የማነሳው። ለምጄዋለሁ።"

አላለቀሰችም። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። ዛሬ ይሞቃል እንደሚባለው ነው ያለችው።

ኅዳር 9

አልሄድኩም።

ኅዳር 12

ሸፊቃ ጅግጅጋ ሄደች። "ዱኒያ ገና ነች እኮ" አልኳት። "አውቃለሁ" አለች። ትልቁን ሻንጣ ነው የያዘችው።

መኪናው ሲወጣ ስለ ሹፌሩ አቋቋም ልናገር ነበር... መንገድ ዘግቶ ነው የቆመው። ተውኩት። ለማን ልናገር?

ኅዳር 15

ቤቱ ፀጥ ብሏል። ሁልጊዜ ፀጥታ እፈልግ ነበር። የፈለግኩት ግን ይሄን አይደለም።

ትከሻዬ ብሶበታል። ከሱብሒ በኋላ ግቢ ውስጥ ብቻዬን ቆምኩ። ፀሐይ ከኋላዬ ስትወጣ ጥላዬ ግድግዳው ላይ ወደቀ። አንገቱ ጠማማ ነው። ላቃናው ሞከርኩ፤ መልሶ ይጣመማል። ለምን? ጥርሴን ነክሻለሁ! ማንም የለም፣ ማንም አላናደደኝም፣ ጥርሴን ግን ነክሻለሁ። መንጋጋዬን ሳላላው አንገቴ ላላ። አንገቴ ሲላላ ትከሻዬ ወረደ። ትከሻዬ ሲወርድ ረጅም ትንፋሽ ወጣ። ከየት እንደመጣ አላውቅም።

ንዴትን እንደ ሐሳብ ነበር የማየው። ሰው ያጠፋል፣ እኔ ልክ ነኝ፣ ስለዚህ እናደዳለሁ። ለካ ሥጋም ነው። መንጋጋ ነው፣ ትከሻ ነው፣ ተቆርጦ የሚቀር ትንፋሽ ነው። ሰው ገና ሳያጠፋ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ያ ግሩም የሚባለው ልጅ ቀለሙን ባያበላሽ እንኳ የሆነ ነገር አላጣለትም ነበር።

ዓኒሳ የምትለው ኃይል መኖሩን አሁንም አላምንም። ግን ትንፋሽ ሲረዝም ጩኸት መውጫ እንደሚያጣ አየሁ። ይሄን ያህል አምናለሁ።

ኅዳር 20

ዓኒሳ ጋ ሄድኩ። ሁሉም ነበሩ። ሲያዩኝ ወሬያቸው ቆመ። ይሄን ፀጥታ አውቀዋለሁ፤ ቤቴ ስገባም ፋብሪካ ስገባም የሚቀበለኝ እሱ ነው። አክብሮት ይመስለኝ ነበር።

"ዓኒሳ፣ አጥፍቻለሁ። በሰው ፊት ነው የሰደብኩሽ፤ በሰው ፊት ይቅር በይኝ።"

"አልሰማሁም። ጮክ በል።"

"ይቅር በይኝ!"

"ኧረ አቦ በቃ! ለመጮህማ ማን ብሎህ!" አለችና ሳቀች። ግቢው ሁሉ ሳቀ። እኔም... ትንሽ።

ከዚያ ሐሳቤን ነገርኳቸው። ወንዶች በቀኝ፣ ሴቶች በግራ፣ መሐል ላይ ክፍት። ዓኒሳ የእንጨት ሳጥን ላይ ትቁም፣ ማንም ማንንም አይጋርድ።

ሐጂ ሲያድ አልተዋጠላቸውም። "ኢንጂነር አብዲራህማን፣ ዓይናችን ወዴት ሊያይ ነው?" አሉኝ።

"ወደ ዓኒሳ።"

"ዓኒሳስ ሴት አይደለችም?"

"ሐጂ፣ እኔ ነጋዴ ነኝ!" አለች ዓኒሳ ሳጥኑ ላይ እየወጣች።

እኔ ከሁሉም ኋላ ግድግዳው ሥር ቆምኩ። ዛሬ የሴቶቹ እጅ ሁሉ ላይ ደረሰ። ሸፊቃ አላየችም።

ኅዳር 25

ዱኒያ ወለደች። ሴት ልጅ። ሁለቱም ደህና ናቸው፣ አልሐምዱሊላህ። ሸፊቃ ደውላ ነገረችኝና ወዲያው ዘጋች።

ታኅሣሥ 14

ሐኪሙ ለካኝ። ግፊቱ ወርዷል፤ ክኒኑን ግን እንዳላቆም አስጠነቀቀኝ። እጄ ከጆሮዬ ትንሽ አልፏል። በመድኃኒቱ ነው ወይስ በመንቀሳቀሱ ብዬ ጠየቅኩት። "ሁለቱም ይረዳሉ። ምን ቸገረህ?" አለኝ። እውነቱን ነው፤ ምን ቸገረኝ።

ታኅሣሥ 22

ትናንት ሙስአብ ራሱ ቢሮዬ መጣ። ማሽኑ መዛባት ጀምሯል፣ ቧንቧው ሳይበላሽ እናቁመው አለ። ድሮ ይደብቁኝ ነበር፤ እኔ ነበርኩ የማገኘው። ምነው ዛሬ ነገርከኝ አልኩት።

"እኔ እንጃ... ፊትህ ደህና ስለሆነ።"

ዛሬ ግን ሌላው ላይ ጮኽኩ። ይሄንንም ልጻፈው። በአንድ ወር ሌላ ሰው አይኮንም።

ጥር 5

አርባው ሞላ። ሸፊቃ አልደወለችም። ስልኩን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩት። አትጠይቀኝ ብላኛለች። አልጠይቃትም።

ካልመጣችስ?

ጥር 7፣ ሐሙስ

ከዓኒሳ ግቢ ስመለስ ስልኬ ጠራ። ሸፊቃ ነች።

"ምን እየሠራህ ነው?"

"መግባቴ ነው። ከዓኒሳ ጋ።"

"እጅህስ?"

"ከጆሮ አልፏል። እስከ ላይ ግን አይደርስም።"

"የኻሊፍ ሚስት ነገረችኝ። ከኋላ ነው የሚቆመው አለችኝ። እውነት ነው?"

"እውነት ነው።"

"አንተ?"

"እኔ።"

ሳቀች። ከዚያ ዝም አለች። በፊት ቢሆን "ሃሎ! ሃሎ!" እያልኩ ኔትወርኩንም ቴሌውንም እሷንም በአንድነት እሳደብ ነበር። ዛሬ ዝም አልኩ። ሕፃኗ ከሩቅ ትነጫነጫለች። የሸፊቃ ትንፋሽ ይሰማኛል፤ ሲገባ፣ ሲወጣ። የእኔስ ይሰማት ይሆን? ብዙ ቆየን።

"ቅዳሜ እመጣለሁ" አለች።

"እሺ።"

"በስንት ሰዓት አትልም?"

"አልልም።"

ቅዳሜ ከሱብሒ በኋላ መናኸሪያ እወርዳለሁ። መኪናው ሲደርስ ይደርሳል።