የግግር በረዶው ትምህርትና የጮቄ ምህላ

ቀን፦ መጋቢት 15 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለዞኑ ትምህርት መምሪያ ኃላፊ
ደብረ ማርቆስ

ጉዳዩ፦ ያስተማርኩት ሳይጣራ ከክፍል መታገዴን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

1. እኔ አመልካች ከጮቄ ተራራ ግርጌ በሚገኝ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዘጠኝ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬያለሁ። የካቲት 18 ቀን ለ12ኛ ክፍል ያስተማርኩት ይህን ነው፦ እንደ አይስላንድ ባሉ አገሮች እሳተ ገሞራ ላይ የተከመረ ግግር በረዶ አለ፤ ሲቀልጥ ተራራው ሸክሙ ይቀንስለታል፤ ያን ጊዜ ከሥር ያለው ቅልጥ ዓለት መውጫ ሊያገኝ፣ ፍንዳታና ጎርፍም ሊያስከትል ይችላል ብለው ተመራማሪዎች ይሰጋሉ።

2. እቴናት አካለ ወልድ የምትባል ተማሪዬ እጇን አውጥታ ጮቄም ይፈነዳ እንደሆነ ጠየቀች። አይፈነዳም አልኳት። የጮቄ እሳት ከጠፋ ሚሊዮን ዓመታት አልፈዋል፤ የጥንቱ ግግር በረዶም ቀልጦ ካለቀ ሺህ ዓመታት ተቆጥረዋል። ጥያቄዋን በገጹ መጨረሻ፣ መልሴን በጀርባው ጻፈች።

3. የካቲት 21 በቤታቸው የማርያም ማኅበር ነበር። አባቷ እንግዳ ሲሰበሰብ ደብተሯን ማስነበብ ይወዳሉ፤ ልጃቸው ናት፣ ይኩሩባት! ጥያቄው ጋ ስትደርስ ጮቄ ሊፈነዳ ነው ተብሎ ቤቱ ተደበላለቀ፤ ገጹን ግለጪ ያላት የለም። በማግስቱ የሦስት ቀን ምህላ ታወጀ። በዚህ ማንንም አልወቅስም። ሰኞ አቶ አካለ ወልድ ራሳቸው መጥተው ጠየቁኝ፤ ሩብ ሰዓት አስረዳኋቸው፤ ተመስገን ብለው ሄዱ። የአጥቢያው ቄስም ምህላው አንዴ ተጀምሯልና ለዝናብ ይሁን አሉ።

4. ታዲያ አንድ ገበሬ በሬዎቹን ፈትቶ መጥቶ በሩብ ሰዓት የተረዳው ነገር ባለዲግሪዎቹን የወረዳችንን ኃላፊዎች እንዴት አቃታቸው? የካቲት 26 ሕዝብ አሸብራለች ብለው አገዱኝ። ማስረጃቸው የዚያች ገጽ ፎቶ ኮፒ ነው። ጀርባውን ኮፒ አላደረጉትም፤ እኔ ከዚህ ጋር አያይዤዋለሁ። ጀርባ አለው ብዬ ብጮህ ጉዳዩን ያየው የወረዳው ኮሚቴ ሥራውን ጨርሷል ተባልኩ። ጉድ ነው! ይኸው አሥራ ዘጠኝ ቀን ግምጃ ቤት ተቀምጬ የተሰበረ ወንበር እመዘግባለሁ፤ ልጆቼ ብሔራዊ ፈተና ደርሶባቸው ያለ መምህር ቀርተዋል። አንጀቴ አሯል፤ አልደብቅም።

5. ስለሆነም እገዳው ተነሥቶልኝ ወደ ክፍሌ እንድመለስና ደብተሩ በሙሉ በመምሪያው እንዲነበብ በትሕትና እጠይቃለሁ። እቴናት ከዚያ ወዲህ በማንም መምህር ክፍል እጇን አውጥታ አታውቅም። ውሳኔው ይጽና ከተባለ፣ መምህርሽ የታገደችው አንቺ ስለጠየቅሽ ነው ብሎ የሚነግራት ሰው ከመምሪያው ይላክ። እኔ አልነግራትም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

ዘመናይ ወልደ ሩፋኤል (ፊርማ)
የጂኦግራፊ መምህርት