አብረው የሚሄዱት ሲስተር አምሳል ብሩ

ሲስተር አምሳል ብሩ ከአባታቸው ከመምህር ብሩ ወልዴና ከእናታቸው ከወ/ሮ አስካለ ጎበና በ1961 ዓ.ም. በዲላ ከተማ ተወለዱ። እውነቱን ለመናገር በልጅነታቸው ፈሪ ነበሩ። ውሻ ባለበት መንገድ ብቻቸውን ስለማያልፉ ትምህርታቸውን የጨረሱት ታላቅ ወንድማቸው እየሸኟቸው ነው። ካደጉም በኋላ ሊፍት ውስጥ ብቻቸውን አይገቡም ነበር፤ እኛ ታናናሾቻቸውም በዚህ ስንቀልድባቸው ኖረናል።

በ1982 ዓ.ም. በነርስነት ተመርቀው በትውልድ ከተማቸው አገለገሉ። በ1987 ዓ.ም. ከአቶ ፍጹም ታደለ ጋር ጋብቻ መሥርተው ሊያንና አንተነህን ወለዱ። በ1994 ዓ.ም. በሆስፒታል ኮንትራት ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ደማም ከተማ ሄዱ። ባለቤታቸውም በአጎራባቿ ኮበር ከተማ ሥራ አግኝተው ተከተሏቸውና በዚያው በአል ሒዛም አል-አኽደር ሰፈር ኖሩ።

ዓርብ ዓርብ በደማም አል ጀለዊያ ሰፈር በሚገኝ ጠባብ ቤት ከጥቂት አማኞች ጋር ይጸልዩ ነበር። በዚያ አገር የክርስቲያን ጸሎት በይፋ ስለማይፈቀድ፣ ጎረቤት የሰው ብዛት እንዳያውቅ ጫማ ደጅ አይወልቅም፤ መዝሙርም በለሆሳስ ነው።

በ2011 ዓ.ም. ማራናታ የምትባል የቤት ሠራተኛ ታማ ወደዚያ ቤት መጣች። አሠሪዋ «ሁሩብ»፣ ማለትም ጠፍታለች ብለው አስመዝግበዋታል። አገሯ ለመግባት የኢሚግሬሽን ቢሮ ቀርባ ኹሩጅ፣ የመውጫ ፈቃድ፣ ማግኘት ነበረባት፤ ብቻዋን እንዳትሄድ ግን እስር ፈራች። የሚሸኛትም ሰው መጠየቁ አይቀርም። የኅብረቱ መሪ አቶ አሳምነው፣ «ኢቃማችን ላይ ሙሽኪላ እንዳይመጣ፣ እንጸልይበት» አሉ፤ የመኖሪያ ፈቃዳችን ላይ ችግር እንዳይመጣ ማለታቸው ነው። በእኛ ዘንድ «እንጸልይበት» አንዳንዴ «አይሆንም» የሚባልበት የጨዋ ደንብ ነው። ሲጸለይ ሰነበተ፤ ልጅቷም እየባሰባት ሄደ።

አንድ ዓርብ ሲስተር አምሳል ተነሥተው መሳፍንት 4፥9ን አነበቡ። ባርቅ ወደ ጦርነት ሂድ ሲባል፣ ነቢይቱ ዲቦራ አብራው ካልሄደች አልሄድም አለ። እርሷም ፈራህ ብላ አልገፋችውም፤ «በእውነት ከአንተ ጋር እሄዳለሁ» አለችው። እኅታችን ቀና ብለው፣ «እኔም እፈራለሁ። መሪ ግን የፈራውን ሰው ሂድ ብሎ አይቀመጥም፤ አብሮት ይሄዳል። ማራናታ፣ እሑድ ጠዋት እንሄዳለን። ኸላስ፣ አለቀ!» አሉ።

ሄዱም። ቢሮው ውስጥ ብዙ ተጠየቁ፤ የማራናታን እጅ ግን አልለቀቁም። ልጅቷ ፈቃዷን አግኝታ አገሯ ገባች፤ ታክማም ዳነች። ዛሬ ልጆቿን ይዛ በመካከላችን ተቀምጣለች።

ከዚያ ወዲህ እኅታችን ሆስፒታልም ሆነ ቢሮ የፈራን ሁሉ ሲሸኙ ኖሩ። በ2017 ዓ.ም. በካንሰር ታመው ሲተኙ፣ ከሕመሙ ይልቅ ያስጨነቃቸው ከእሳቸው በኋላ ማን አብሮ ይሄዳል የሚለው ነበር። አንድ ቀን ባለቤታቸው ወሬ ይዘው መጡ፤ ሌላ የተቸገረች ልጅ ወደ ኅብረቱ መጥታ አቶ አሳምነው ማንም ሳይጠይቃቸው ተነሥተው አብረዋት ሄደዋል። እኅታችን ይህን ሲሰሙ እየሳቁ አለቀሱ። በዚያ ሌሊት ከብዙ ቀን በኋላ ጥሩ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ሲስተር አምሳል ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም. በደማም አረፉ። አስከሬናቸውን ከባለቤታቸው ጋር ወደ አገር ቤት ይዘው የመጡትም አቶ አሳምነው ናቸው። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አንድ የልጅ ልጅና እኛን ወንድምና እኅቶቻቸውን ትተው ሄደዋል።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በእቅፉ ያሳርፍልን፤ እኛንም ከፈራ ሰው ጋር የምንነሣ ያድርገን። አሜን።