ከማስጠንቀቂያው የቀረው ጥፋት

ይድረስ ለክቡር ዶክተር ተስፋዓለም
የአእምሮ ጤና ክፍል ኃላፊ

ጉዳዩ፦ ስለተሰጠኝ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ዶክተር፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ አልፎ አልፎ የሚያስቸግርዎ ጨጓራም ጭምር እንደምን ከርመዋል? እኔ፣ በክፍላችን ስሙን መጥራት የተከለከለው ይመስገንና፣ እጅግ ደህና ነኝ።

በጥር መጨረሻ የጻፉልኝ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ማኅተሙ ሳይደበዝዝ ደርሶኛል። ሦስት ጥፋቶቼን ዘርዝረው፣ መልስ ካለኝ በጽሑፍ እንዳቀርብ ስለፈቀዱልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። መልሴን በአደባባይ ማውጣቴን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ፤ ትእዛዝዎም ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ነውና የግድግዳ ነገር በግድግዳ ቢመለስ አይከፋም ብዬ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። እኔ እቴናት መንበሩ እባላለሁ፤ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ በሚገኝ፣ ስሙን በማልጠቅሰው ሆስፒታል የአእምሮ ጤና ነርስ ሆኜ ስሠራ አሥራ አንድ ዓመት አልፎኛል። አምና ከባልደረቦቻችን አንዱ ለአንዲት ታማሚ ልጅ ቤተሰቦች "ይህ የመንፈስ ነው፤ በኪኒን አትልፉ" ብሎ መክሮ ልጅቱ መድኃኒቷን ጥላ ክፉኛ ታመመች። እርስዎም ያንን ባለሙያ ከክፍሉ አነሡት፤ ደግ አደረጉ። ነገር ግን የአንዱን አፍ ለመዝጋት ብለው የሁላችንንም ለጎሙት። በሐምሌ ወር ከክብደት መለኪያው በላይ ያሰቀሉት ማስታወቂያ ቃል በቃል እንዲህ ይላል፦ "በዚህ ክፍል ውስጥ ሃይማኖት ነክ ጉዳይ ማንሳት ለባለሙያም ሆነ ለታካሚ በጥብቅ የተከለከለ ነው። ስለ ትብብርዎ እግዚአብሔር ይስጥልን።" የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ማን እንደጨመራት አጣርቼ አላገኘሁም፤ ጥፋተኛው ሲገኝ ግን ከእኔ ጋር አብሮ እንዲጠየቅ በትሕትና አመለክታለሁ።

እንግዲህ ወደ ጥፋቶቼ።

፩ኛ፤ "ታካሚዎችን ስለ እምነታቸው ጠይቀዋል" ብለውኛል። አልክድም። ለነገሩ ማስታወቂያውን በመጣስ እኔን የሚቀድሙኝ ታካሚዎቹ ናቸው። ሰውየው ገና ከበሩ ሲገባ "እንዴት ሰነበቱ?" ስለው "እግዚአብሔር ይመስገን" ይላል፤ "እንቅልፍስ?" ስለው "እመቤቴ ትመስገን፣ ተሽሎኛል" ይላል፤ ሲወጣ ደግሞ "እግዜር ያክብርሽ" ብሎ መርቆኝ ይሄዳል። ይህን ሁሉ ሕገ ወጥነት ሪፖርት ላድርግ ብል መድኃኒት የምሰጥበት ጊዜ አይተርፈኝም። እኔ የምጠይቀው ይጾሙ እንደሆነ፣ ከጾሙም ስንት ሰዓት ላይ እንደሚቀምሱ ነው፤ የምጠይቀውም ለነፍሳቸው ሳይሆን ለኪኒኑ ብዬ ነው። ከወሎ የመጣው የመድኃኒት ቤት ባልደረባችን ለመጪው ረመዳን ለሙስሊም ታካሚዎች ሰዓቱን ወደ ማታ ሲያዞርላቸው ማንም አልገሠጸውም። የእርሱ መስኮት ከማስታወቂያው ራቅ ስለሚል ይመስለኛል።

፪ኛ፤ "ያለ ፈቃድ ጠበል ቦታ ሄደው ከካህን ጋር ተወያይተዋል" ይላል ደብዳቤዎ። ሄጃለሁ፤ የሄድሁትም በዕረፍቴ ቀን ነው። በደብረ ኤልያስ መንገድ ባለው ጠበል የሚያጠምቁት አባ ኪዳነ ማርያም በጥሞና አስተናግደውኛል። እርስዎ እንደሚያውቁት፣ ወይም ቢጠይቁ ኖሮ እንደሚያውቁት፣ ጠበሉ የሚጠጣው ጠዋት፣ በባዶ ሆድና በብዛት ነው፤ የጠጣውንም ሰው ብዙ ጊዜ ያስመልሰዋል። እኛ ፖስታው ላይ "ጠዋት" ብለን የጻፍንበት ኪኒን ወይ ሳይዋጥ ይቀራል፣ ወይ ከጠበሉ ጋር ሣር ላይ ይፈሳል። ይህን ሳስረዳቸው አባ ሰሙኝና "ጠዋቱን ለእኛ ተዉልን፣ ማታውን ውሰዱ" አሉኝ። አስከትለውም "እስካሁን የት ነበራችሁ?" ብለው ጠየቁኝ። በቀን አንዴ የሚዋጠውን መድኃኒት፣ ሰዓቱ እስካልተዛነፈ ድረስ፣ ማታ ማድረግ ጉዳት እንደሌለው ያስተማሩን እርስዎ ራስዎ ነዎት፤ ለእያንዳንዱም ታካሚ ያዘዘውን ሐኪም አስፈቅጃለሁ። ስለዚህ በዚህ ጥፋቴ አስተማሪዬ በመሆንዎ እጅ ነሥቼ አመሰግናለሁ።

፫ኛ፤ "በሥራ ሰዓት ማተብዎ ታይቷል።" ታይቷል፤ የጋውኔ ቁልፍ ተበጥሶ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንገትጌዬ ሥር ደብቄው ኖሬያለሁ፤ የተማረች ሴት እንድባል። ከክፍላችን ባለሙያ የገዛ ዘመዱ አእምሮው ሲታወክ ጠበል ያልወሰደ እጁን ያንሣ ብንል ስብሰባው እጅ አልባ ይሆናል፤ ነጩን ጋውን ስናጠልቅ ግን ሁላችንም ምንም እንደማናምን እንሆናለን። ታካሚውም እኛን ፈርቶ ጠበሉን ይደብቀናል፣ አባን ፈርቶ ኪኒኑን ይደብቃቸዋል። ቁልፉን ሰፍቼዋለሁ።

ሦስቱን አምኜ ከተቀበልሁ ዘንዳ፣ ደብዳቤዎ የዘለለውን አራተኛውን ጥፋት እኔው ልጨምርልዎ። የዘለሉት ቸል ብለው አይደለም፤ በዚያ ዕለት ማስታወቂያዎን አክብሬ ስለነበር ነው።

አመተ ሥላሴ ብዬ የምጠራት ሴት፣ ስሟን ለውጫለሁ፣ የሁለት ልጆች እናት ናት። መድኃኒቷን እየወሰደች፣ ገበያ እየዋለች፣ ማኅበሯን እየጠጣች ሦስት ዓመት ያህል ደህና ሆና ኖራለች። አምና በሐምሌ መጨረሻ ለቀጠሮዋ መጥታ ኪኒኗን ከተቀበለች በኋላ ከወንበሯ ሳትነሣ ቆየች። ከዚያም "ሲስተር፣ ፍልሰታ ሊገባ ነው። ይችን ጠዋት ከዋጥሁ ጾሜን ገደፍሁ ማለት ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። እርስዎ በሩ ላይ ቆመው ነበር። ቀና ብዬ ማስታወቂያውን አየሁና፣ እርስዎም እንዲሰሙኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ "ይህ የሃይማኖት ጉዳይ ስለሆነ እኛን አይመለከትም" አልኋት። አንገቷን ደፍታ "እሺ" አለችና ወጣች። በዚያው ሳምንት ስብሰባ ላይ "ሙያዊ ሥነ ምግባር ማለት እንደ ሲስተር እቴናት ነው" ብለው አስጨበጨቡልኝ። እኔም ተነሥቼ እጅ ነሣሁ።

መልሱን አላውቀውም ነበር ብል በቀለለኝ። እኔ ራሴ የደም ግፊት ታማሚ ነኝ፤ ጾም በገባ ቁጥር ጠዋት መዋጥ ስላልሆነልኝ ሐኪሜን አስፈቅጄ ኪኒኔን ወደ ማታ ካዞርሁት ያኔ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። ፍልሰታን እጾማለሁ፣ አስቀድሳለሁ፣ ከእራት በኋላ ኪኒኔን ውጬ እተኛለሁ። "እህቴ፣ ማታ ዋጪው" የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር። የፈራሁት ኃጢአቱን አልነበረም፤ እርስዎን ነው። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም ይባላል፤ እኔ ሰምቼ ነው የተኛሁት፣ ስለዚህም ጸጽቶኛል፣ ሁልጊዜም ይጸጽተኛል።

ሴትየዋ ሌላ ማንንም አልጠየቀችም። ኪኒኑን ትታ ጾመች። ጾሙ ሊፈታ ሁለት ቀን ሲቀረው ወንድሞቿ እጇን በገዛ ነጠላዋ አስረው ከገጠሩ በፈረስ፣ ከመንገዱ በባጃጅ አመጧት። እኔንም አላወቀችኝ። እኛ ዘንድ ተኝታ በቆየችባቸው ሳምንታት ትንሹ ልጇ ጡት ጣለ፤ ተሽሏት ወደ ቤቷ ስትገባም ሸሽቶ ከአያቱ ቀሚስ ሥር እንደተሸጎጠ ወንድሟ ነግሮኛል። አሁን ደህና ናት፤ ቀጠሮዋንም አታዛንፍም። ነገር ግን ምንም አትጠይቅም፤ ያልኋትን ሁሉ "እሺ" ትላለች። እርስዎ በካርዷ ላይ "ጥሩ ተባባሪ ታካሚ" ብለው ጽፈውላታል።

ከላይ የዘረዘሯቸውን ጥፋቶች መሥራት የጀመርሁት ከዚያ ወዲህ ነው። የሌሎቹን ሁሉ ሰዓት አዞርሁ፤ በእርሷ ፖስታ ላይ ግን እስካለፈው ወር ድረስ "ጠዋት" እያልሁ ስጽፍ ኖሬያለሁ። "ማታ ዋጪው" ብላት የሐምሌውን ቀን እንዳታስታውስብኝ ፈርቼ ነው። አሁን ዐቢይ ጾም ሰኞ ይገባል፤ ፖስታው ላይ ያለው ቃል ካልተለወጠ የአምናው ሊደገም ነው፤ ያውም አሁን ጾሙ ረጅም ነው።

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ እንዳይሆንብኝ፣ ይህን ሁሉ በእርስዎ ላይ ላላክክ አልመጣሁም። እርስዎ የሰቀሉት አንድ ወረቀት ነው፤ ወረቀቱ ሥር ተከልላ ያንን መልስ የሰጠችው ሴት እኔ ነኝ። ስለዚህ ማስጠንቀቂያውን እንዲያነሡልኝ አልጠይቅም። ሦስቱን ጥፋቶች ሰርዘው አራተኛውን እንዲጽፉበት ብቻ እለምናለሁ፤ ያኔ ከፋይሌ ጋር በክብር ይቀመጥ። ማስታወቂያውንም ሰኞ ሳይደርስ ቢያወርዱት ደስ ይለኛል፤ ምስማር መንቀያ ካጡ ከቤቴ ይዤ እመጣለሁ።

ለሙያችን ስለሚጨነቁለት፣ ስለ ጭብጨባውም፣ ስለ ወቀሳውም ውለታዎ ከፍ ያለ መሆኑን እየገለጽሁ፣ ጨጓራዎን እንዲምርልዎ፣ ማን እንደሆነ ሳልጠቅስ፣ እማጸንልዎታለሁ።

ስትታዘዝዎ ጥፋተኛ፣ ስታጠፋ ትክክል የነበረች አገልጋይዎ፣
እቴናት መንበሩ፣ የአእምሮ ጤና ነርስ

ግልባጭ፦
ለአባ ኪዳነ ማርያም፣ እስካሁን የት እንደነበርን ለጠየቁት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ከጨረስሁ በኋላ፣ ትናንት፣ አመተ ሥላሴ ለቀጠሮዋ መጣች። ማስታወቂያዎ ሥር ተቀምጬ አንገትጌዬን ፈታሁና ማተቤን አሳየኋት፤ ሐኪሟ እንደፈቀደ፣ ኪኒኑን ማታ ከእራት በኋላ እንድትውጠው፣ እኔም የራሴን እንዲሁ እንደማደርግ ነገርኋት። "እሺ" አለች። ታሪኳን ስሟን ለውጬ ብጽፈው ትፈቅድልኝ እንደሆነ ጠየቅኋት፤ አሁንም "እሺ" አለች። በሩ ላይ ስትደርስ ግን ዞር ብላ ከሐምሌ ወዲህ የመጀመሪያዋን ጥያቄ ጠየቀችኝ፤ "እርስዎ ማታ መዋጥ የጀመሩት መቼ ነው?" አለችኝ። እውነቱን ነገርኋት። ትንሽ አየችኝ፤ ፖስታውን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችና "እሺ" ብላ ሄደች። ክቡር ዶክተር፣ ሰኞ ማታ ትውጠው አትውጠው እንደሆነ ከዚያች "እሺ" ለይቼ ማወቅ አልቻልሁም፤ ተባባሪ መሆኗን የመሰከሩት እርስዎ ነዎትና እባክዎ ይንገሩኝ።