ባዶውን የታየው ፊኛ

ሰኞ፣ የካቲት 9፤ ከጠዋት ጀምሮ ካፊያ። በአልትራሳውንድ ክፍሉ በር ላይ የተገኘነው እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሌሎች ወረፈኞችና እኛ «አቶ ይቆዩ» የምንላቸው ተራ አስከባሪ ነን።

ለተከበሩ የምስል ምርመራ ክፍል ኃላፊ፤

ጤናዎ እንደ ክፍልዎ ወለል የሚያብረቀርቅ ይሁን፤ ሽንትዎም ሲያሻዎት የሚመጣ፣ ሲያሻዎት የሚታገሥ ይሁን። የኋለኛውን ምኞት ለምን እንደጨመርኩ ከታች ይረዱኛል።

አንደኛ፣ ባለቤቴ ደም መሽናት ከጀመረ ወዲህ ክፍልዎ ሁለት ጊዜ፣ የኋለኛውን ዛሬ፣ አይቶ ሁለቴም «ፊኛው ጤናማ ነው» ስላለን ከልብ አመሰግናለሁ። ደሙ ይህን መልካም ዜና አልሰማም መሰለኝ፣ መምጣቱን አልተወም። የሽንት ሐኪሙ ካንሰር እንዳይሆን ሰግተው በቀጭን ካሜራ ውስጡን ልየው ቢሉም፣ እናንተ ጤናማ ላላችሁት ሰው የካሜራ ወረፋ የሚሰጥ አልተገኘም።

ሁለተኛ፣ ስለ መሣሪያዎቹ። እኔ የተማርኩት ዕቃ ከተጠቀለለበት ጋዜጣና ሰው ጥሎት ከሄደ መጽሔት ነውና ብሳሳት ይታገሡኝ። የአልትራሳውንዱ ባለሙያ የእርሳቸው መሣሪያ ጨረር እንደሌለውና እንደሚበቃ ነገሩኝ። የሲቲ ስካኑ ሰውዬ ከኩላሊት እስከ ፊኛ ያለውን መንገድ ሁሉ የሚያሳየው የእኔ ነው አሉ። የኤምአርአይዋ ልጅ በበኩሏ ዕጢ ከተገኘ ወደ ፊኛው ጡንቻ መዝለቅ አለመዝለቁን የሚለየው የእኛ ነው አለችኝ። ሐኪሙ ብቻ፣ ትንሽና ጠፍጣፋ ነገር ከሦስቱም ሊያመልጥ ስለሚችል ካሜራ ገብቶ ሳያይ ልባቸው እንደማያርፍ ተናገሩ። ሁሉም የየራሱን ሲያሞግስ ገበያ የገባሁ መሰለኝ። እኔ ግን ከመሣሪያዎቹ ይልቅ የጠረጠርኩት ኮሪደሩን ነው።

ሦስተኛ፣ ኮሪደሩ። በአልትራሳውንድ ለመታየት ፊኛ መሙላት አለበት ተብሎ ባለቤቴ ውሃውን ይጠጣል፤ ከዚያ ይቆዩ ይባላል። ሰው ፊት መቁነጥነጥ የሚያፍር ሰው ስለሆነ፣ ሲጨንቀው ሹልክ ብሎ ሽንት ቤት ይገባል፤ ተመልሶ ሳይቀመጥ ስሙ ይጠራል። እውነቱን ቢናገር ወደ ወረፋው ጭራ እንዳይመልሱት ይፈራል። ባለሙያውም አይጠይቁም፤ ወረፋው ረጅም ነዋ። ለእኔ ለሚስቱ እንኳ የነገረኝ ዛሬ ስንወጣ ነው፣ በጆሮዬ። «አንቺ፣ እኔ እኮ ሁለቴም ባዶዬን ነው የገባሁት» አለኝ። ተጨማድዶ የተጣበቀ ከረጢት አይተው ውስጡ ምንም የለም ብለው የሚፈርሙ ባለሙያ ስላለዎት እንኳን ደስ ያለዎት።

ለመሣሪያዎችዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለወረፈኞችዎ ሰፊ ፊኛ፣ ለእርስዎም እስከ ዛሬ እንደነበረው ያልተነካ እንቅልፍ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

የአንድ «ጤናማ» ሰው ሚስት

ተጨማሪ፦ ደብዳቤውን ሳላደርስ ነጋ። ዛሬ ጠዋት ባለቤቴ ውሃውን ጠጥቶ ተቀመጠ፤ ሊነሣ ሲል ክንዱን ይዤ፣ በአቶ ይቆዩ አጠገብ አልፈን፣ ሽንት ቤት ሳይሆን ምርመራ ክፍል አስገባሁት። ሞልቷል፣ አሁን ይዩት አልኩ። ባለሙያው አዩ፤ ፊኛው ግድግዳ ላይ የበቀለ ነገር ለኩ፤ በጎኑ አስተኝተው ደግመው አዩ። ከዚያ «ከዚህ በፊት የት ነው የታዩት?» ብለው ጠየቁት። «እዚሁ፣ በእርስዎ እጅ» ብዬ እኔ መለስኩላቸው። ምስሉን ተቀብዬ ለሐኪሙ ሰጠሁ፤ የካሜራውን ቀን ቆርጠው እስኪነግሩኝም ከወንበሩ አልተነሣሁም።